ኮምፔርሳቶ በመኪና ሲቆረጥ ትእዛዙ በጽሑፍ ይሁን

ኮምፔርሳቶን ከሻጩ ወይም ከእንጨት ሥራ ቤት ዘንድ በመጋዝ መኪና አስቆርጦ መውሰድ ጊዜን የሚያተርፍ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ቁርጡ በሁለት ወገን ያጋደለ፣ ማለትም በሉሑ ገጽም በጠርዙም ዘንበል ያለ ሲሆን፣ በገዥና በቆራጭ መካከል ክርክር ይነሣል። ምክንያቱም አዘውትሮ የመኪናው ጉድለት ሳይሆን የትእዛዙ አለመብራራት ነው።

በራሳችን የደረሰውን እንናገር። ለምናሠራው የቡና መጋዘን ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች የሚጠብ፣ አራት ጎን ያለው መቀበያ ሣጥን አስፈለገን። የላይኛው አፉ 2 ሜትር፣ የታችኛው 40 ሳንቲ ሜትር፣ የጎኖቹ ዝቅዝቃት 45 ዲግሪ ነበር። 244 በ122 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሉሕ አንድ ጎን ስለሚወጣ፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸውን አራት ሉሖች ገዝተን፣ ቅርጹን በእርሳስ አስምረን ላክን፤ በወረቀቱም ላይ «45 ዲግሪ» ብለን ጻፍን።

ቆራጩ ይህን ቁጥር የመጋዙ ዲስክ የሚጋደልበት ልክ አድርጎ ወሰደው። ጎኖቹ ቀጥ ብለው ለሚቆሙ ሣጥን ትክክል በሆነ ነበር፤ በ45 ዲግሪ ለተዘቀዘቁ ጎኖች ግን ዲስኩ 30 ዲግሪ ብቻ መጋደል፣ የጎኑም መስመር ከቀጥተኛው ቁርጥ 35.3 ዲግሪ መሸሽ አለበት። ስለዚህ ሉሖቹ ሲገጠሙ በውጭ ተነካክተው በውስጥ አፋቸውን ከፈቱ። በትክክለኛው ልክ እንደገና ቢቆረጡም የላይኛው ጠርዝ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል አጠረና በተዘጋጀለት የብረት ክፈፍ ላይ አልቀመጥ አለ።

ቆራጩ «የተጻፈውን ቆረጥሁ» አለ፤ እኛም «የሣጥኑን ዝቅዝቃት ጻፍን» አልን። ሁለታችንም እውነት ተናገርን፤ ኪሳራው ግን በመካከላችን ቀረ፤ እኩል ተካፈልነው።

በኮምፒዩተር የሚመራ መኪናም ቢሆን ከዚህ አያድንም፤ የተሰጠውን ቁጥር ይፈጽማል እንጂ የባለቤቱን ሐሳብ አያነብም። ስለዚህ ቆራጮችና ሻጮች አንዲት ገጽ የትእዛዝ ወረቀት እንዲያዘጋጁ እናሳስባለን። በእርስዋም ላይ ማዕዘኑ ከየት እንደሚቆጠር፣ የሉሑ የውስጥ ገጽ የትኛው እንደሆነ፣ ልኩ የውስጥ ወይም የውጭ መሆኑ፣ የመጋዙ ጥርስ በልቶ የሚጥለው ስፋት፣ እንዲሁም ስሕተት ቢገኝ ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። አስቀድሞም በቁርጥራጭ ላይ ተሞክሮ ሁለቱ ወገኖች ይፈርሙ። አስመጪዎችም በበኩላቸው «18» የተባለው ሉሕ ሲለካ በእርግጥ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ለገዥው ይግለጡ፤ ውፍረቱ ሲለወጥ የጠርዙ አገጣጠም ይለወጣልና።

ይህ ለትንሽ ሱቅ አድካሚ ነው የሚሉ ይኖራሉ። ይሁን እንጂ አንዲት ወረቀት በውጭ ምንዛሪ ከተገዛ ሉሕ ይልቅ ርካሽ ናት፤ ከጠፋ ደንበኛ ይልቅማ እጅግ ርካሽ ናት። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለርስት ብቻ ሳይሆን ለኮምፔርሳቶም ይሠራል።