ዋጋ የማያስከፍል ድካም
ገጸ ባሕርይን በስሌት ስለ ማደለብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአሜሪካ በምንማር ተማሪዎች መካከል ስለ አንድ ጨዋታ ክርክር ደጋግሞ ይነሣል። ጨዋታው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። አራት ወይም አምስት ጓደኞች ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይፈጥራል፤ ከዚያም በአንድ መሪ ተራኪነት ታሪክ አብረው ይሠራሉ። የድርጊታቸውን ፍጻሜ ዳይስ ይወስነዋል። ዛሬ የምጽፈው ጨዋታው ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ላይ አይደለም። የምጽፈው ብዙዎች ብልሃት ስለሚሉት፣ እኔ ግን የጋራውን ታሪክ የአንድ ሰው ያደርገዋል ስለምለው ልማድ ነው። ልማዱ ገጸ ባሕርይን በስሌት ማደለብ ነው፤ በተጫዋቾቹ አጠራር «ኦፕቲማይዜሽን» ይሉታል።

ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያዘጋጁት ይህ ጨዋታ በ1974 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ተጫዋቹ በመጀመሪያ የሚያገኘው ያልመረጠውን ቁጥር ነበረ። ሦስት ዳይስ ስድስት ጊዜ ይጣላሉ፤ ድምሩ በየተራው ጉልበት፣ አእምሮ፣ ማስተዋል፣ ጽናት፣ ቅልጥፍናና ግርማ ሞገስ ተብሎ ይመዘገባል። ተጫዋቹም ከጎደሎው ጋር የሚኖርበትን መንገድ ይፈልጋል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው አምስተኛ እትም ግን፣ ለፈለገ ተጫዋች 27 ነጥብ ሰጥቶ ችሎታን በዋጋ እንዲገዛ ፈቀደ። 8 በነጻ ይገኛል፤ 15 ግን 9 ነጥብ ያስወጣል። ስለዚህ አስሊው ጉልበትን፣ ቅልጥፍናንና ጽናትን 15 አድርጎ ነጥቡን ሊጨርስ ይችላል። አእምሮው፣ ማስተዋሉና ግርማ ሞገሱ 8 ሆነው ይቀራሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። 8 ሃያ ገጽ ካለው ዳይስ ላይ የሚቀንሰው አንድ ብቻ ነው፤ ያም የሚቀነሰው ገጸ ባሕርዩ በዚያ ችሎታ ሲፈተን ነው። አስሊው በማይፈተንበት ስፍራ ደካማ ሆኖ በሚፈተንበት ስፍራ ብርቱ ይሆናል። ድካም አለው፤ ድካሙ ግን ዋጋ አያስከፍለውም።

ይህን የምናገረው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ባለፈው ዓመት በተቀመጥሁበት ጠረጴዛ አንዲት እኅታችን አንድ እግሩ የሚያነክስ፣ የየመንደሩን ምሥጢር የሚያውቅ ሽማግሌ ደብዳቤ አድራሽ ፈጥራ መጣች። ሌላው ተጫዋች ያመጣው ሠይፈኛ ነበረ። በዚያ እትም ትልቅ ሠይፍ የያዘ ተዋጊ፣ ልዩ ክህሎቱን ከመረጠ፣ ከመምታት ዕድሉ 5 ቀንሶ በጉዳቱ ላይ 10 መጨመር ይችላል። ይህ ተጫዋች በየትኛው ጠላት ላይ ስሌቱ እንደሚያዋጣው ቀድሞ በወረቀት አስልቶ ነበር። መሪው ለሠይፈኛው የሚመጥን ጠላት ሲያመጣ፣ ጠላቱ የቀሩትን በአንድ ምት የሚጥል ሆነ። ለቀሩት የሚመጥነውን ሲያመጣ ደግሞ ተራቸው ሳይደርስ ያልቃል። ሽማግሌው ሊያነጋግራቸው ይችል የነበሩትን ሰዎች ሠይፈኛው ቀድሞ ይጨርሳቸዋል። በአራተኛው ሳምንት እኅታችን መናገር ተወች፤ በስድስተኛው መምጣት ተወች። ማንም ሂጂ አላላትም፤ ስፍራ ግን አላገኘችም። ሠይፈኛው የእኔ ነበረ።

አስሊዎች አንድ የታወቀ መልስ አላቸው። «በስሌት መሥራትና ገጸ ባሕርይን መላበስ አይቃረኑም» ይላሉ። እውነት ነው። ሠይፈኛዬም አባቱን የሚፈልግ፣ ሌሊት እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበረ፤ እኔም በሚገባ ተላብሼዋለሁ። ነገር ግን ይህ መልስ ያልተጠየቀውን ይመልሳል። አንድ ሰው ሁለቱን በአንድነት ማድረግ መቻሉን ማንም አልካደም። ጥያቄው፣ እርሱ ሁለቱን ሲያደርግ አጠገቡ የተቀመጠው ምን ይቀረዋል የሚለው ነው።

ሌሎች ደግሞ «ሆን ብሎ የማይረባ ጀግና ማምጣት ጓደኞችን ማስገደል ነው» ይላሉ። ይህም ፍሬ ያለው ቃል ነው፤ ስንፍናን ትሕትና ብዬ ላስተምር አልመጣሁም። ሁሉም ተስማምተው በስሌት ሊወዳደሩ ከተቀመጡም ክርክር የለኝም። የምነቅፈው ሌሎቹ ታሪክ ሊሠሩ በመጡበት ጠረጴዛ ብቻውን ሊያሸንፍ የመጣውን ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ ነው። በመዝሙር ክፍል ያደግን ሁላችን እናውቀዋለን፤ ድምፀ መልካሙ ብቻውን ከፍ ባለ ጊዜ የሚሰማው እርሱ እንጂ መዝሙሩ አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ወረቀቱን ከመሙላታችን በፊት ጓደኞቻችን ምን ፈልገው እንደመጡ እንጠይቅ። 8ን ስንጽፍ በሚያምመን ስፍራ እንጻፈው፤ ከጻፍነውም አንሽሸው። ብርታትም ካለን ለሌላው እናውለው። በዚያው እትም «መርዳት» የሚባል ድርጊት አለ፤ ተጫዋቹ የራሱን ተራ ትቶ ባልንጀራውን ሲያግዝ፣ የታገዘው ዳይሱን ሁለት ጊዜ ጥሎ የሚበልጠውን ይወስዳል። የእኔ ስሌት ይህን ተራ ማባከን ነው ብሎ አልፎት ነበር። በእነዚያ ሁሉ ሳምንታት አንድ ጊዜ እንኳ አላደረግሁትም። እኅታችንን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ይቅርም ብላኛለች። ወደ ጠረጴዛው ግን አልተመለሰችም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።