ምርቃት የሌለው ገበያ

በቆሰበር ገበያ ድንች የሸመተ ሰው ሚዛኑ ልክ ከመጣ በኋላም ዘንቢሉን አይዘጋም፤ ቆሞ ይጠብቃል። ሻጯም የሚጠብቀውን ታውቃለችና ሁለት ሦስት ፍሬ ትመርቅለታለች። ደንበኛዋ ከሆነ ደግሞ ምርቃቱ ከፍ ይላል። ለምን ቢሏት መልሷ አጭር ነው፤ «ደንበኛዬ ነዋ!» ትላለች። ድንች በረከሰም በተወደደም ጊዜ ሌላ መደብ ሳያይ ወደ እርሷ የሚመጣ ሰው ነው ማለቷ ነው።

ይህን የንግድ ሕግ የማያውቅ አንድ ገበያ አለ፤ የኳስ ገበያ። እዚያ ምርቃት የሚያገኘው አልፎ ሂያጁ ነው። የተጋበዘው፣ የክብር እንግዳው፣ የድርጅት ካርድ የያዘው በነፃ ይገባል። ዓመቱን ሙሉ በዝናብና በፀሐይ የተመላለሰው ደጋፊ ግን ትልቁ ጨዋታ ሲመጣ ይላጫል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጨርቅ የተወደደበት ሰው ቀጥሎ ወዳለው ሱቅ ይሻገራል። የጊዮርጊስ ደጋፊ ግን ትኬት ተወደደብኝ ብሎ የቡና ደጋፊ አይሆንም። ሻጩ ይህን ስለሚያውቅ ሰውየውን በታማኝነቱ መጠን ያስከፍለዋል።

ለመሆኑ የሚያስከፍለው ማን ነው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ እኛ ወደ ነጋዴዎቹ የሚዞረው።

ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር፤ ዋሊያዎቹ በባሕር ዳር ስታዲየም አይቮሪኮስትን የገጠሙበት ቀን። ከቆሰበር ባሕር ዳር በዳንግላና በመራዊ በኩል 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሱቄን ዘግቼ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሄድኩ። በሥራ ቀን ሱቅ መዝጋት ራሱ አንድ ወጪ መሆኑን ነጋዴ ለሆነ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። መናኸሪያ ስንደርስ በታሪፍ የሚጭን ሚኒባስ ጠፍቷል፤ ሁሉም ኮንትራት ሆኗል። ረዳቱን «ታሪፉ የት ሄደ?» ብለው «ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ኳስ ነው» አለኝ። ባሕር ዳር ቁርስ የበላንበት ቤት የምግብ ዝርዝሩ ላይ የነበረው ዋጋ በእስክሪብቶ ተሰርዞ ሌላ ተጽፎበታል። ማሊያውን ከመንገድ፣ ትኬቱን ከሰው እጅ ገዛን። ማታ አልጋ ፍለጋ ስንዞር አንድ አልጋ ቤት ዋጋውን ነገሩን። ጓደኛዬ «ለአልጋው ነው ወይስ ለሕንጻው?» ብሎ ቢቀልድ እንግዳ ተቀባዩ ልጅ ፈገግም አላለ። ኢትዮጵያ 2 ለ 1 አሸንፋ ነበርና ሦስታችን በአንድ አልጋ ብንተኛም አልከፋንም።

የከፋን በማግስቱ ደብተሬን ስደምር ነው። ትኬቱ፣ ያውም ከአትራፊ እጅ የገዛሁት፣ ከጠቅላላ ወጪዬ ከመቶ አስር እጅ አልሞላም። ዘጠና እጁን የወሰዱት ባለመኪናው፣ ባለምግብ ቤቱ፣ ባለአልጋውና ማሊያ ሻጩ ናቸው። «ኳስ ተወደደ» ሲባል የሁላችንም ዓይን የሚያርፈው የስታዲየሙ የትኬት መስኮት ላይ ነው። የቆሰበር፣ የዳንግላ፣ የቡሬ ደጋፊ ግን መስኮቱ ጋ ሳይደርስ ግማሽ ኪሱ አልቋል፤ የቀረው ደግሞ ከስታዲየም ሲወጣ ይጠብቁታል።

ይህ ጸሐፊም ንጹሕ አይደለም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በከተማችን በዓሉን ያከብራል። ከባንጃ፣ ከአንከሻ፣ ከፋግታ፣ ከዳንግላ፣ ከጓንጓ ባለፈረሱ ፈረሱን አስጊጦ ይመጣል። ትኬት የለም፣ መስኮት የለም፤ ጉግሱንና ግልቢያውን ድሃውም ሀብታሙም እኩል ያያል። ይሁንና የመጣው ሰው ማደሪያ፣ ፈረሱም ገብስና ሣር ይሻሉ። አንድ ዓመት ጥር 22 ማታ ከሱቄ ጀርባ ያሉኝን ሁለት ክፍሎች በእጥፍ ዋጋ አወጣሁ። በየዓመቱ እኔ ጋ የሚያርፉ አንድ ሽማግሌ ዋጋውን ሲሰሙ ምንም ሳይሉ ፈረሳቸውን ስበው ሄዱ። ክፍሉን ለሌላ ሰው አከራየሁት፤ በዚያች ሌሊት አትርፌያለሁ። በዓመቱ ዋጋውን ብመልስም ሽማግሌው አልመጡም። ዘመድ ቤት ማረፍ ጀመሩ። ጨው፣ ስኳርና ዘይት ከእኔ ይገዙ ነበር፤ እሱም አብሮ ሄደ። በደብተሬ ላይ ያን ሌሊት በትርፍ መዝግቤው እስከ ዛሬ አላረምኩትም።

ይህ የእኛ አገር በሽታ ብቻ ነው የሚል ካለ ወደ ውጭ ይመልከት። አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ የ2026ቱን የዓለም ዋንጫ ለማዘጋጀት ሲወዳደሩ ባቀረቡት ሰነድ ከ21 ዶላር የሚጀምር ትኬት ይኖራል ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 ለየአገሩ ደጋፊዎች የተመደበው ትኬት ዋጋ ሲወጣ ለፍጻሜው ጨዋታ ርካሽ የተባለው ከ4 ሺህ ዶላር በላይ ሆኖ ተገኘ። ዶላሩን በ150 ብር ሂሳብ ቢመቱት ከ6 መቶ ሺህ ብር ያልፋል፤ በዚህ ገንዘብ ቆሰበር ላይ ስንት ፈረስ እንደሚገዛ አንባቢ ራሱ ያስላ። የአውሮፓ ደጋፊዎች ኡኡ ሲሉ ፊፋ በቀናት ውስጥ ጥቂት ትኬቶችን በ60 ዶላር ለታማኝ ደጋፊዎች እንደሚሰጥ አስታወቀ። በሺህ የሚቆጠር ዶላር በጩኸት ወደ 60 ከወረደ፣ ዋጋው መጀመሪያም ከወጪ ጋር አይገናኝም ነበር ማለት ነው።

ደላላ የሆኑ አንባቢዎቼ ደግሞ ይህን ይስሙ። የገዛውን ትኬት መልሶ መሸጥ የፈለገ ሰው በፊፋ በራሱ መድረክ ሲሸጥ ፊፋ ከሻጩ 15 በመቶ፣ ከገዢውም 15 በመቶ ይወስዳል። የእኛ የቤት ደላላ ሁለት በመቶ ሲጠይቅ «በላን!» ተብሎ ይሰደባል።

ደጋፊ አምርሮ ሲነሳ ምን እንደሚሆን ደግሞ ሊቨርፑል አይቷል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 በአዲሱ ትሪቡን አንዳንድ መቀመጫዎችን ለቀጣዩ ዓመት 77 ፓውንድ ሊያደርግ ማሰቡ ተሰማ። ከሰንደርላንድ ጋር ሲጫወት በ77ኛው ደቂቃ በሺዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎች ተነስተው ወጡ። ሲወጡ ቡድናቸው 2 ለ 0 ይመራ ነበር፤ ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀ። ባለቤቶቹ በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠይቀው ዋጋውን ሰረዙት። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የእንግዳ ቡድን ደጋፊ ከ30 ፓውንድ በላይ እንዳይከፍል ተስማሙ። ከሩቅ የሚመጣው ሰው በመንገድ ላይ ብዙ እንደሚያወጣ ገብቷቸዋል።

አንድ ወዳጄ፣ ሂሳብ አዋቂ ነው፣ ይህን ጽሑፍ ሳነብለት «ነፃ ገበያ ነው፤ ፈላጊ ሲበዛ ዋጋ ይጨምራል፤ አንተ በርካሽ ብትሸጥ ልዩነቱን አየር በአየር ነጋዴው ይወስደዋል» አለኝ። ክርክሩ ዋዛ አይደለም። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ከናይጄሪያ ጋር ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ በአዲስ አበባ ስታዲየም ስንጫወት ሕዝቡ ሌሊቱን በስታዲየሙ ዙሪያ አድሯል። ካታንጋና ሚስማር ተራ የሚገባው ሰው ትኬቱን በመንግሥት ዋጋ ያገኘው በስንት ግፊያ ነው? ያላገኘውስ ከማን ገዛ? ትኬት ርካሽ ስለሆነ ብቻ ደጋፊው እጅ አይገባም፤ በዚህ ወዳጄ ትክክል ነው።

የማልስማማው እዚያ ላይ በማቆሙ ነው። የደጋፊው ትልቁ ችግር ሁሉን ነገር በችርቻሮ መግዛቱ ይመስለኛል። መኪናውን በችርቻሮ፣ አልጋውን በችርቻሮ፣ ትኬቱን በችርቻሮ፤ ያውም በመጨረሻው ሰዓት። ከመካከላችን ዕቃውን እንዲህ ገዝቶ የሚከስር ነጋዴ ቢኖር እንስቅበት ነበር። ሃምሳ ደጋፊ በስሙ ተመዝግቦ በየሳምንቱ እቁብ ቢጥል፣ እቁቡም የጨዋታው ቀን ከመድረሱ ከወር በፊት አንድ አውቶቡስ፣ አንድ አልጋ ቤትና ሃምሳ ትኬት ቢዋዋል የጅምላ ዋጋ ያገኛል። ለአልጋ ቤቱም ቢሆን የተረጋገጠ ሃምሳ እንግዳ በአንድ ሌሊት ከሚገኝ እጥፍ ዋጋ ይሻለዋል። ትኬት ሻጩም ለማን እንደሸጠ ያውቃል፤ አየር በአየሩ ሃምሳውን ሰው ሊሆን አይችልም። የፈረንጁ ክለብ ለዓመት የሚሸጠው ትኬት ከእቁብ በምን ይለያል? አስቀድሞ የሚከፍል ሰው ስሙ ታውቆ ቦታው ይጠበቅለታል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። እቁብ ሰብሳቢ ደግሞ በዚህ ከተማ አልጠፋም።

እርግጥ እቁቡ ተሰብስቦ ጨዋታው ከሌለ ምን ይሆናል? ይህ የሁላችንም ኪሳራ ነው። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ በባሕር ዳር 3 ለ 1 አሸንፋን ከሄደች በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሙ መስፈርቱን አያሟላም አለ። ወር ከጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ ኅዳር 2 ቀን፣ ጋናን «በሜዳችን» ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፍን፤ የት? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ! ከዚያም ሞሮኮ፣ ከዚያም ዳሬሰላም ላይ ባለሜዳ ተባልን። ግብጽን ማሸነፍ በስንት ዓመት የሚገኝ ነገር ነው? ያንን ቀን ከቆሰበር ተነስቶ ለማየት ትኬቱ የአውሮፕላን ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር መቶ ብርን ዘለለ፤ ጉዞውን በብር የሚያስበው ደጋፊ ማሰቡንም ተወው።

በባሕር ዳር እጥፍ ያስከፈለን አልጋ ቤት በእነዚያ ዓመታት ከብሔራዊ ቡድኑ ጨዋታ ያገኘው ዜሮ ነው። መናኸሪያችን ውስጥ «ኮንትራት ነው» ያለን ሚኒባስም እንዲሁ። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የሚያንቀሳቅሰው ገንዘብ መጸዳጃና መልበሻ ክፍሉ፣ ወንበሩና መብራቱ ባልተሟላ ስታዲየም ምክንያት ለሰው አገር ሆቴል ተከፈለ። ለግንባታ ገንዘብ የሚያፈሱ ባለሀብቶች ሕንጻ በሕንጻ ላይ ሲደረድሩ፣ ሕንጻውን የሚሞላው እንግዳ በየትኛው በር እንደሚገባ ቢያስቡበት ጥሩ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተነሳው ግጭት ደግሞ መንገዱን ራሱን ውድ አደረገው። የባሕር ዳር ከተማ ደጋፊም ቢሆን ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ ቡድኑን ለማየት ድሬዳዋና ሐዋሳ ድረስ መሄድ ግድ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

ደጋፊው የት ሄደ ለሚለኝ፣ ዲኤስቲቪ ቤት ነው። በቆሰበር ብርድ ጋቢውን ደርቦ ሻይ ይዞ ስለ አርሴናልና ስለ ማንቸስተር ይከራከራል። ለመግቢያ የሚከፍላት ትንሽ ናት፤ ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ አልጋ አይፈልግም። የቤቱ ባለቤት ደግሞ ነጋዴ ነው። ዘወትር ለሚመጣው ከፊት ወንበር ይይዝለታል፤ አንዳንዴም ሻዩን «የእኔ ነው» ይለዋል። ያቺ የድንች ሻጭ የምታደርገውን ማለት ነው። እዚህ ቤት አንድ ምሽት ከጎኔ የተቀመጠውን ወጣት ስታዲየም ገብቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። «አንድ ጊዜ፤ የአይቮሪኮስት ጊዜ። ገና ዕዳዬን ከፍዬ ሳልጨርስ ጨዋታው ወደ ውጭ ሄደ» አለኝ።

እቁቡን በኳስ መጀመር ካልተቻለ በፈረስ መጀመር ይቻላል። ጥር 23 የትም አይሄድም፤ ማንም መስፈርት አላሟላችሁም አይለንም። የከተማችን ባለአልጋዎችና ባለምግብ ቤቶች ታኅሣሥ ላይ ተሰብስበው የጥር 22ንና 23ን ዋጋ ተስማምተው በራቸው ላይ ቢለጥፉ፣ ከየወረዳው የሚመጣው ፈረሰኛም በቡድን ቀድሞ ቢይዝ ማን ይጎዳል? እኔ በበኩሌ ሁለቱን ክፍሎቼን በአዘቦት ቀን ዋጋ አስመዝግቤአለሁ፤ ለፈረስ የሚሆን ሣርም አለ። ሽማግሌው ያረፉበትን ዘመድ ቤት አውቀዋለሁና ሰው ልኬባቸዋለሁ።