ማሽኑን ቆጠርን፣ ትንፋሹንስ ማን ይቁጠር?

ኔትወርክ በሚዘገይበት ስልክ አውርታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? «ሄሎ» ስትሉ ያኛውም «ሄሎ» ይላል። ዝም ስትሉ እሱም ዝም። ከዚያ ሁለታችሁም እኩል ትጀምሩና ትጋጫላችሁ። ቢመራችሁ ዘግታችሁ መልሳችሁ ትደውላላችሁ። እስቲ አሁን ደግሞ ንግግሩ ቀርቶ ትንፋሽ ነው እንበል። መዝጋት የለም፣ መልሶ መደወል የለም። በመተንፈሻ ማሽን፣ ማለትም በቬንትሌተር ከሚረዱ ታማሚዎች ቀላል የማይባሉት ሰዓታቸውን የሚገፉት እንዲህ ነው።

ነርስ ነኝ። የምሠራው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። እኛ ክፍል ውስጥ የተለመደ አንድ አባባል አለ፦ «ማሽኑን እየታገለ ነው»። ታማሚው ሲወራጭ፣ ሲያስለው፣ ማሽኑ ሲጮህ እንዲህ እንላለን። ቀጥሎ ማስተኛ መድኃኒት ይጨመራል። ታማሚው ይተኛል፣ ጩኸቱም ይቆማል፣ እኛም እፎይ እንላለን። እኔም ለዓመታት እንዲህ ሳደርግ ኖሬያለሁ።

ሐሳቤን ያስቀየረችኝ ሐኪም አይደለችም። የታማሚ ልጅ ነች። እናቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ በማገዶ ጭስ ሲያበስሉ የኖሩ፣ ሳንባቸው የተጎዳ እናት ነበሩ። ልጅቷ ለጥየቃ በተፈቀደላት አጭር ጊዜ አልጋው አጠገብ ቆማ፣ በስልኳ ሰዓት ይዛ ደረታቸው በደቂቃ ስንት ጊዜ ከፍ እንደሚል ትቆጥራለች። 28 ሆነ። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን 18 ነው። «ሲስተር፣ እማዬ እኮ እየተነፈሰች ነው። ማሽኑ ነው የማይሰማት» አለችኝ። እኔ ማስተኛውን ልጨምር መርፌ ይዤ ነበር።

ልክ ነበረች። ማሽኑ በየትንፋሹ የሚጠብቀው ምልክት አለ። ታማሚው አየር ለመሳብ ሲሞክር ቱቦው ውስጥ የግፊት ወይም የአየር ፍሰት ለውጥ ይፈጠራል። ማሽኑ ያችን ለውጥ ሲያገኝ አየር ይልካል። እንደ እኚህ እናት ያለ ሳንባ ግን አየሩን ቶሎ አያስወጣም። የቀድሞው ትንፋሽ ወጥቶ ሳያልቅ ሌላ ይጨመርበትና ውስጥ ይታመቃል። ቀጣዩን ለመሳብ መጀመሪያ ያንን የታመቀ ግፊት ማሸነፍ ያስፈልጋል። ይሞክራሉ፣ ጉልበታቸው አይደርስም፣ ማሽኑም ምንም አልሰማ። በደቂቃ 10 ጊዜ በር አንኳኩተው የሚከፍትላቸው አጡ ማለት ነው። ማስተኛ ብጨምር ደግሞ ማንኳኳቱም ይደክም ነበር።

ሐኪሙን ጠራሁት። መጥቶ ማሽኑ በየትንፋሹ የሚገፋበትን ኃይል ቀነሰ፣ አየር የሚያስገባበትንም ጊዜ አሳጠረ። ለማስወጫው ጊዜ ተገኘ። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራረቡ፣ እናትም ተረጋጉ። በነጋታው የልጃቸውን እጅ ጨበጡ።

አለመግባባቱ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ማሽኑ አየሩን ቶሎ ሲያቆም፣ ታማሚው ገና እየሳበ ስለሆነ ሁለተኛ ትንፋሽ በላዩ ይደረብና ሳንባው ከልክ በላይ ይነፋል። ፍሰቱ ሲያንስ ታማሚው አየር ይራባል። ቱቦው ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ማሽኑ ትንፋሽ መስሎት ሳይጠየቅ ይልካል። መንስኤው የተለያየ ነው፣ መፍትሔውም እንደዚያው። ለሁሉም ማስተኛ መስጠት ግን ለየትኛውም ራስ ምታት ያንኑ ክኒን እንደ መዋጥ ነው።

ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ የፈረንሳይ ጥናት ከ62 ታማሚዎች 15ቱ ከማሽኑ ጋር በብዛት የማይግባቡ ሆነው ተገኙ። እነዚህ ሰዎች ማሽኑ ላይ የቆዩት ከሌሎቹ በጣም ለረዘመ ጊዜ ነው። አለመግባባቱ ብቻውን ነው ያቆያቸው ለማለት አይቻልም፣ በሽታቸውም የከበደ ሊሆን ይችላል። ማሽን ላይ የሚያልፍ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን ግን ለሳንባ ኢንፌክሽንና ለጡንቻ መድከም ያጋልጣል። አልጋ ውስን በሆነበት አገር ደግሞ ውጭ ተራ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የሁላችንም ጥያቄ «ስንት ቬንትሌተር አለን?» የሚል ነበር። ጥያቄው ትክክል ነበር፣ ግን ግማሽ ነው። «አጠገቡ ቆሞ የሚያይ የሠለጠነ ሰውስ ስንት አለን?» ያለው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን ውስጥ ፖሊዮ ሲበረታ ማሽን አልበቃ ብሎ ወደ 1,500 የሚጠጉ የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ እየተቀያየሩ ከረጢት በእጃቸው እየጨመቁ ሰው አስተነፈሱ። ብዙ ሕይወትም ተረፈ። እጅ የታማሚውን ደረት ያዳምጣል። ማሽን ግን የሚሰማው እንዲሰማ በተስተካከለው ልክ ብቻ ነው።

«ቴክኖሎጂው ይፈታዋል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ቱቦ የድያፍራምን የኤሌክትሪክ ምልክት አንብቦ ከታማሚው ጋር የሚተነፍስ ማሽን ተሠርቷል። ግን ውድ ነው። «ማስተኛ ባይኖር ብዙ ሰው ይሞት ነበር» የሚልም አለ። እሱም ልክ ነው፣ ሳንባው እጅግ ለተጎዳ ታማሚ ጥልቅ እንቅልፍ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የእኔ ሙግት ማስተኛው የመጀመሪያ መልስ አይሁን ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? መጀመሪያ «ለምን ታገለ?» ብለን እንጠይቅ።

ይህ ዶላር አይፈልግም። በየፈረቃው አንድ ደቂቃ ደረቱን መቁጠር፣ ከስክሪኑ ጋር ማስተያየት፣ ሁለቱንም ቁጥር መከታተያ ቅጹ ላይ መጻፍ። ስክሪኑ ላይ የሚሄዱትን መስመሮች ማንበብ ለነርስ የትርፍ ዕውቀት ሳይሆን የሥራው አካል ተደርጎ ይሰጥ። ማሽን ሲገዛም ሆነ በእርዳታ ሲመጣ ሥልጠናው አብሮ ይምጣ፤ ሪባን ተቆርጦ ፎቶ ተነስቶ በቃ አይባል።

እናንተ ደግሞ አንድ ቀን እንዲህ ያለ አልጋ አጠገብ ብትቆሙ፣ አያድርስባችሁና፣ ማሽኑን አትንኩ። ደረቱን ግን ተመልከቱ። የማይገጥም ነገር ካያችሁ «ሲስተር፣ ይህ ለምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትቆጣችሁ ልትኖር ትችላለች። እኔም ያን ቀን መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር። ልጅቷ ግን ዝም ብላ እንደገና ቆጠረች።