ኔትወርክ ሲጠፋ የምትቆም ቤተ ክርስቲያን

ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ፣ «ጠንካራ ቤተ ክርስቲያን» ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው? እዚህ ጎንደር ከወጣቶች ደጋግሜ የምሰማው መልስ ይህ ነው፦ አዳራሹ ሰፊ፣ ሳውንድ ሲስተሙ ምርጥ፣ መዘምራኑ ብዙ፣ አገልጋዩ ስመ ጥር። እንዲህ ያለችው አጥቢያ አዲስ አበባ ስላለች እኛ ደካሞች ተብለን ቀረን። ይህን ሚዛን አልቀበለውም።

የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 2 እና 3ን አንብቡ። ጌታ መልእክት ከላከላቸው ሰባት አብያተ ክርስቲያናት ያልተነቀፉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሰምርኔስና ፊልድልፍያ። አንዲቱ ድሃ ነበረች፤ የሌላይቱ ኃይል ጥቂት ነበር። ባለጠጋ ነኝ ያለችው ሎዶቅያ ግን ምን እንደ ተባለች ታውቃላችሁ።

የአገራችን ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። አዳራሽ ተወረሰ፣ መሪዎች ታሰሩ። ምእመናን ግን በየቤቱ በትንንሽ ቡድን ቃሉን አጠኑ፤ ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ። ወደ ቅርባችን ስንመጣ፣ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ አውሮፓውያን ሚስዮናውያን ከአገር ሲወጡ፣ ደምቢያ ውስጥ በጀንዳ የወንጌሉን ሥራ ለአሥርተ ዓመታት የያዙት ሚካኤል አረጋዊና ሌሎች የአገር ልጆች ነበሩ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ መንገድም ብዙ ጊዜ ተዘጋ። በእነዚያ ወራት ነፍስህ ምን በላች? ስብከትህ ሁሉ ከዩቲዩብ ከነበረ ተርበህ ከርመሃል። በደባርቅ ወይም በዳባት አምስት ሆነው በአንድ ሳሎን የገላትያን መልእክት የሚያጠኑ ካሉ፣ የእነርሱ ማዕድ በኔትወርክ መጥፋት አይታጠፍም።

«ታዲያ አዳራሽና ኪቦርድ ኃጢአት ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም፤ እኔም ዝማሬ እወዳለሁ። ጥያቄዬ እነዚህ ሲነሡ ምን ይቀራል የሚል ነው። ቃሉን ራሱ ከፍቶ የሚያነብ ምእመን ይቀራል? የታመመ የሚጠይቅ፣ ያዘነ የሚያጽናና ኅብረት ይቀራል? መሪው ስለ ገንዘቡም ስለ ኑሮውም ይጠየቃል? ወይስ የሚጠይቅ ሁሉ «በተቀባው ላይ ተናገረ» ይባላል?

ትንቢት ለሚያሳድዱም አንድ ነገር አለኝ። በሐዋርያት ሥራ 11 ነቢዩ አጋቦስ ረሃብ እንደሚመጣ ሲናገር፣ የአንጾኪያ ደቀ መዛሙርት አጨብጭበው አልተበተኑም። እያንዳንዱ እንደ አቅሙ አዋጥቶ በይሁዳ ለሚኖሩት ላከ። በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ጃናሞራን ሲመታ ለማወቅ ነቢይ አላስፈለገንም፤ ዜናው በቂ ነበር። የእናንተ የወጣቶች ኅብረት በዚያ ዓመት ምን አዋጣ? ከአዲስ ማይክሮፎን መዋጮ ጋር አስተያዩት።

ስለዚህ አዲስ አበባን መመኘት ይብቃን። በዚህ ሳምንት ስልካችሁን አስቀምጡና ሁለት ሦስት የሰፈር ልጆች ጠርታችሁ የኤፌሶንን መልእክት ከፍታችሁ አንብቡ። በመካከላችሁ የተቸገረ ካለ ሳትለያዩ ስሙን አንሡ፤ ማን ምን ይዞ እንደሚሄድም እዚያው ተነጋገሩ።