ወልዲያ ላይ የሠራ ኮድ መርሳ ላይስ?

ኮምፒውተር ሳይንስ ያጠኑ ጓደኞቻችንን «የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁ እንዴት ነበር?» ስንላቸው መልሳቸው ያው ነው፤ «ሠርቷል!» እኛ የጋዜጠኝነት ተመራቂዎች ደግሞ ኮድ ባንጽፍም ጥያቄ አናጣም። ሠራ ማለት ጥሩ ነው ማለት ነው እንዴ?

እስቲ ወልዲያ ላለ አንድ ክሊኒክ የታካሚ መዝገብ ሶፍትዌር ተሠራ እንበል። ነገ መርሳ ያለ ክሊኒክ ሶፍትዌሩን ቢፈልገው፣ እዚያው መርሳ ያለ የሀብሩ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ደግሞ የቀን መቁጠሪያውን ክፍል ብቻ ቢፈልግ፣ ነቅሎ መስጠት ይቻላል? ወይስ ቀን የሚቆጥረው ክላስ ከታካሚው፣ ከሂሳቡና ከፕሪንተሩ ጋር ተጠላልፎ አልፈታ ይላል?

ይሄ በግምት የሚፈረድ ነገር አይደለም፤ ይለካል። ሽያም ቺዳምበርና ክሪስ ኬመረር በ1994 እ.ኤ.አ. ለኦብጀክት ኦሪየንትድ ኮድ ስድስት መለኪያዎችን አቅርበዋል። ሁለቱን ብቻ እንይ። አንደኛው፣ አንድ ክላስ ከስንት ሌሎች ክላሶች ጋር ተቆራኝቷል? ቁጥሩ ሲበዛ ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ይከብዳል። ሌላኛው፣ ክላሱ ውስጥ ያሉት ሥራዎች አንድ ዓይነት መረጃ ይጋራሉ ወይስ ሳይተዋወቁ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ? ካልተዋወቁ ክላሱ ቢከፈል ይሻላል።

ምሳሌው ከኛው ዘመን አቆጣጠር አይርቅም። የኛም የግብጽ ኮፕቶችም ዓመት 13 ወር ነው፤ 12ቱ 30፣ 30 ቀን፣ የመጨረሻው 5 ወይም 6። አይሲዩ በተባለው፣ አንድሮይድ ስልኮች ውስጥም ባለው የሶፍትዌር ስብስብ፣ ይህ የጋራ ስሌት በጃቫ አንድ ወላጅ ክላስ ውስጥ አንዴ ተጽፏል። የኢትዮጵያና የኮፕት ክላሶች ወርሰውት ልዩነታቸውን ይጨምራሉ፤ ለምሳሌ የዓመቱን መነሻ። አንዴ ተጽፎ ሁለት አቆጣጠር አገለገለ! እኛ ዘንድ ግን ስንቱ ተመራቂ ነው ያንኑ ስሌት ከዜሮ የሚጀምረው?

«ቁጥር ሁሉን አይናገርም» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ጳጉሜ 6ን የረሳ ክላስ ከማንም ጋር ባይቆራኝም ስህተት ነው። ቴርሞሜትርም እኮ የበሽታውን ስም አይናገርም፤ ትኩሳት መኖሩን ግን አይደብቅም።

ስለዚህ የምንለው ይሄን ነው። ፕሮጀክት ሲገመገም የጥራዙ ውፍረትና የስክሪኑ ቀለም ብቻ አይታይ፤ ኮዱም ይለካ። ቀጣዩ ባች ካለፈው ባች ቢያንስ አንድ ክላስ ወስዶ ይሥራበት። መውሰድ ካቃተው ያለፈው ባች ውጤት ያን ጊዜ ታወቀ። አለዚያ ወልዲያ አንዴ፣ መርሳ ሁለቴ፣ በጠቅላላው ለአንዲት ጳጉሜ ሦስት ጊዜ መክፈላችን ነው።