ሰሊጥን የሚያጎድለው ሚዛን ብቻ አይደለም

የሳንጃና የመተማ ሰሊጥ ነጋዴ ከገበሬም ሆነ ከደላላ ሲገዛ ዓይኑ ከሚዛኑ አይነቀልም። እርጥበቱን፣ ባዕድ ነገሩን፣ የጆንያውን ክብደት ሳያጣራ ገንዘብ አይቆጥርም። ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ግን የቀኑ ግዥ ኮምፒዩተር ውስጥ ከገባ በኋላ በኤክሴል የወጣውን ድምር ሳይጠይቅ ይቀበላል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይኼ ነው።

እንደሚታወቀው ኤክሴል ተራ መደመሪያ ብቻ አይደለም። «ዲሰም» የሚባለው ቀመር ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ መዝገቡን፣ የሚደመረውን ዓምድና መስፈርቱን። «ከሳንጃ የገባውን ኩንታል ብቻ ደምር» ቢሉት በቅጽበት ያወጣል። ደብተር ይህን ሊያደርግ አይችልም። ችግሩ ማሽኑ መስፈርቱን ያላሟላውን ሁሉ ያለ ድምፅ መተዉ ነው። ስሕተት አለ ብሎ አይጮኽም።

አንድ ጸሐፊ «ሳንጃ»፣ ሌላው «ሣንጃ» ብሎ ቢመዘግብ ለእኛ ያው አንድ ከተማ ነው። ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት ልዩ ልዩ ቃላት ናቸው። በንጉሡ ሠ የተጻፈው ጭነት ከድምሩ ይቀራል። «ሰሊጥ»ና «ሠሊጥ»ም እንደዚሁ።

የቀን መቁጠሪያው ደግሞ የባሰ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. በቁጥር 30/2/2017 ተብሎ ይጻፋል። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ስለሆነ ሁለተኛው ወር 30 ቀን የለውም ብሎ ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘዋል። በቀን መስፈርት ሲደመር ያ ግዥ ይቀራል፤ ይኸውም ሰሊጥ በሚሰበሰብበት ወቅት መሆኑ ነው! ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 1 ያለውንም በእኛ 30 ቀን ሲሆን እሱ 28 ብሎ ይቆጥራል። የመጋዘን ኪራይና ወለድ በቀን የሚያሰላ ሰው ልዩነቱን ያስበው።

ከሁሉ የከፋው ግን አማካይ ዋጋ ነው። ለምሳሌ 190 ኩንታል በ10,000 ብር፣ 10 ኩንታል ደግሞ በ12,000 ብር ተገዛ እንበል። «ዲአቬሬጅ» የሁለቱን መስመሮች ዋጋ ብቻ አይቶ 11,000 ይላል። ጠቅላላው ብር ለጠቅላላው ኩንታል ሲካፈል ግን እውነተኛው መግዣ 10,100 ብር ነው። 10,800 ብር የሚከፍል ገዢ ቢመጣ፣ በመጀመሪያው ሒሳብ የሚመራው ነጋዴ ከሰርሁ ብሎ ይመልሰዋል፤ ከወጪ በፊት በኩንታል 700 ብር ትርፍ ገፋ ማለት ነው።

ይህ የቆላ ነጋዴ ብቻ ጣጣ አይደለም። ሬይንሃርትና ሮጎፍ የተባሉ ስመ ጥር የሃርቫርድ የኢኮኖሚ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ መንግሥታት ዕዳ ባወጡት ጥናት የአማካይ ቀመሩ አምስት አገሮችን ዘልሎ ነበር። ስሕተቱ የተገለጸው በ2013 ሲሆን፣ ያገኘው አንድ ተማሪ ነው።

ታዲያ ወደ ደብተር እንመለስ? አይደለም። በእኛ አስተያየት መፍትሔው ቀላል ነው። የቦታና የዕቃ ስም በእጅ ከሚጻፍ ይልቅ ከተዘጋጀ ዝርዝር ይመረጥ። ቀን፣ ወርና ዓመት በየራሳቸው ዓምድ ይግቡ። አማካይ ዋጋ ምንጊዜም ብሩን ለኩንታሉ በማካፈል ይውጣ። በመጨረሻም የየቦታው ድምር ሲደመር ከጠቅላላው ድምር፣ ጠቅላላውም ከመጋዘኑ ደረሰኝ ጋር እኩል ካልሆነ ማንም ዋጋ አይቁረጥ።

ቀመሩን ሒሳብ ሠራተኛው ይጻፈው፤ ምን እንደሚደምርና ምን እንደሚተው ግን ባለቤቱ ይወቅ። ሠራተኛው ደመወዝተኛ ነው፤ ኪሳራው የባለ ገንዘቡ ነው።