ኔትወርክ የማትጠይቀዋ መንኮራኩር

ዛሬ የምንጽፈው ስለ ጌም ነው። («ጋዜጠኝነት ተመርቃችሁ ስለ ጌም?» የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው ታገሱን።)

ሰሞኑን ሸሕዲ፣ አጎታችን ቤት፣ ከአሮጌ ሳጥን ውስጥ አንዲት ኖኪያ 1100 አገኘን። አናቷ ላይ መብራት ያላት፣ ቁልፏ አቧራ የማያስገባው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥታ በዓለም ላይ ከ250 ሚሊዮን በላይ የተሸጠችው ያቺው ናት። ልጆች ሳለን አጎታችን የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ይዟት ከሳሉጎቹ ጋር በረሃ ይወርዳል። ሲመለስ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ከእጁ እንነጥቀው ነበር። ለምን? ለስፔስ ኢምፓክት!

እነሆ ቻርጅ አድርገን ከፈትናት። ትንሿ መንኮራኩር ወደ ቀኝ ትበራለች፣ ጠላት ከፊት ይመጣል፣ እኛ እንተኩሳለን። በቃ፣ ጨዋታው ይኸው ነው። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ሌቭል እንቅልፍ ያመጣል፤ ድምፁም ጆሮ ይበሳል። ቀጥሎ ግን ላብ ላብ ይላችኋል። ልዩ መሣሪያው ጥቂት ስለሆነ ለሌቭሉ ማብቂያ አውሬ ካልቆጠባችሁት አለቀላችሁ። ልባችሁ ካለቀ ደግሞ እንደገና ከ«ሀ»! ለአንድ ሰዓት ያህል ተፈራረቅንባት፤ የሸሕዲን ሙቀት እንኳ ረሳነው።

«ናፍቆት ነው» ትሉን ይሆናል። ትንሽ አለበት፤ አንክድም። ነገር ግን የ2015 ዓ.ም. ክረምት ትዝ ይበላችሁ። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለወራት ጠፍቶ ሲቆይ፣ ዘመናዊ ስልኮቻችን ላይ የጫንናቸው ብዙዎቹ ጌሞች «ኢንተርኔት የለም» ብለው በራቸውን ዘጉብን። ጨዋታው የእኛ ነው ብለን ነበር፤ ለካስ በተውሶ ኖሯል! ያቺ መንኮራኩር ግን ፓኬጅ ግዙልኝ፣ አካውንት ክፈቱልኝ፣ አፕዴት አድርጉኝ አትልም። ስልኩን የያዘ ጨዋታውንም ይዟል።

ትንሽነት ጉድለት ብቻ አይደለም ጎበዝ! እ.ኤ.አ. በ1978 ጃፓናዊው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ስፔስ ኢንቬደርስን ሲሠራ የማሽኑ አቅም ደካማ ነበር። ጠላቶቹ እየሞቱ ሲያንሱ ማሽኑ ሸክሙ ይቀለዋል፤ የቀሩትም ይፈጥናሉ። ሰውየው ይህን አላስተካከለውም፤ እንዲያውም የጨዋታው ቅመም አደረገው። የተጫዋቹን ልብ የሚያንጠለጥለው ያ ፍጥነት ከድህነት የተወለደ ነው ማለት ነው።

የእኛም ልጆች ጌም እየሠሩ ነው፤ ኩኩሉን የሠራውን ቅኔ ጌምስን መጥቀስ ይበቃል። የኖኪያ 3310ው ባንቱሚ እኮ የገበጣ ዘመድ ነው! ፊንላንዶች በትንሽ ስልክ ካስገቡት እኛ ምን ያቅተናል? ታዲያ ለጌም ሠሪዎቻችን አንድ ልመና አለን። ስትሠሩ ዋይፋይ የሞላበትን የአዲስ አበባ ካፌ ብቻ አታስቡ። ሜጋባይት ቆጥሮ የሚገዛውን፣ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ የሚወጣውን የቆላ ልጅም አስቡት። ፋይሉ ትንሽ ይሁን፣ አሮጌ ስልክ ላይ ይሥራ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ አብሮ አይጥፋ።

አጎታችን ስልኳን መልሱልኝ እያለን ነው። ይጠብቅ፤ አራተኛው ሌቭል ላይ ነን።

ቸር ያሰንብተን!